የአዋላጇ ልጅ

ውድ የአዋላጅነት ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

ስሜ ሲጠራ ከኋላ አካባቢ ሳቅ ሰምቻለሁ። ይገባኛል። ፍሬሽማን እያላችሁ ሎጂክ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ያኔ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይሄ ለአዋላጅ ምን ይሠራለታል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የሰጠሁት መልስ እኔንም አላሳመነኝም። ዛሬ እዚህ ካለ ይስማኝ። ዘግይቼም ቢሆን መልስ ይዤ መጥቻለሁ።

መልሱ ያለው አንዲት ሴት ጋ ነው። ፋይናሬቴ ትባላለች። የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ አቴንስ ውስጥ የነበረች አዋላጅ ናት። ባሏ ሶፍሮኒስኮስ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ስንት ሕፃን እንደተቀበለች የጻፈልን የለም። ልጇ ግን ስሟን እየጠራ፣ ብርቱና ፈርጠም ያለች አዋላጅ ነበረች እያለ ይኮራባታል። ልጇ ፈላስፋው ሶቅራጥስ ነው።

ሶቅራጥስ መልከ መልካም አልነበረም። አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ዓይኖቹ የፈጠጡ። ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ ይሄዳል። በወታደርነት ሦስት ቦታ ዘምቷል። ራሱ አንድ መስመር አልጻፈም። ስለ እሱ የምናውቀውን በአብዛኛው የነገሩን ተማሪዎቹ ፕላቶና ዜኖፎን ናቸው። ሥራው ምንድን ነው ከተባለ፣ ገበያ መሃል ቆሞ ሰው መጠየቅ ነው። ጄኔራሉን «ጀግንነት ምንድን ነው?» ይለዋል። ሃይማኖተኛውን «ጽድቅ ምንድን ነው?» ይለዋል። ሰውዬው በልበ ሙሉነት ይመልሳል። ሶቅራጥስ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ ሰውዬው የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል።

አንድ ቀን ቴአቴጦስ የሚባል ወጣት አገኘ። ሒሳብ የሚችል፣ አስተዋይ ልጅ ነው። «እውቀት ምንድን ነው?» አለው። ልጁ ሞከረ፣ አቃተው፣ ተጨነቀ። መልሱን አላገኘውም፣ ጥያቄውም አልለቀው አለ። ይሄኔ ሶቅራጥስ ምን አለው መሰላችሁ? «ምጥ ይዞህ ነው» አለው። እኔ ደግሞ የእናቴን ሙያ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ ለማንም እንዳትነግርብኝ፣ አለው።

የአቴንስ ሴቶች የሚያዋልዱት ዕድሜያቸው ከመውለድ ካለፈ በኋላ ነበር። (እዚህ የተቀመጣችሁ ወንዶች ሥራ አታገኙም ነበር።) ሶቅራጥስም እኔ ራሴ ጥበብ አልወልድም፣ የሌላውን ግን አዋልዳለሁ ይላል። አዋላጅ ምጥ ሲዘገይ ታመጣለች፣ ሲበረታ ታቀላለች። እኔም ጥያቄ ጠይቄ ምጥ አመጣለሁ። አንዳንዱ ቸኩሎ ጥሎኝ ይሄድና ያስወርደዋል ይላል። ይሄ ሁሉ ፕላቶ «ቴአቴጦስ» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ልጁ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ወለደ። እውቀት ማለት በስሜት ሕዋስ የምናገኘው ነው አለ። አቴናውያን ሕፃን ሲወለድ፣ ታቅፈውት በምድጃው ዙሪያ የሚሮጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ሶቅራጥስ ያንን አነሣና፣ በል የተወለደውን ይዘን እንዙር፣ የሚያድግ መሆኑን እንይ አለው። የበኩር ልጅህን ብወስድብህ አትቆጣ ብሎም አስጠነቀቀው። አገላበጡት። ጫጩት የማይወጣው እንቁላል ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሁለተኛ ሞከረ፣ ሦስተኛ ሞከረ። አንዱም አልቆመም።

እዚህ ላይ ሶቅራጥስ ይኩራራል። የእኔ ሥራ ከአዋላጆቹ ይበልጣል ይላል። ሴት እውነተኛ ልጅ ነው የምትወልደው፤ ሐሳብ ግን አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ቅዠት ስለሆነ መለየቱ ይከብዳል ነው ምክንያቱ። እኔ ደመወዜን የማገኘው በእሱ ስም ቢሆንም አልስማማም። በእሱ ሥራ ደም አይፈስም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከአንዲት እናት ጋር አልታገለም። እናቱን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህን አይልም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከእናቱ ሳይማር አልቀረም እላለሁ። አዋላጅ በእናቲቱ ፋንታ አታምጥም። ልጁም የእሷ አይደለም። እኛ አስተማሪዎች ይህን እንረሳለን። ጥያቄ ጠይቀን ሦስት ሰከንድ ሳንታገሥ መልሱን ራሳችን እንናገራለን። ያ ልጅ ሲጠይቀኝም ያደረግሁት እሱን ነው። እንግዲህ ለአዋላጅ ምን ይሠራል ላልከኝ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙያው ከእናንተ ወደ እኛ ነው የመጣው።

አቴንስ ይህን አዋላጅ አልወደደችውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ዓመት፣ በጦርነት ተሸንፋ ሠላሳ ጨቋኞች ይገዟት ጀመር። እነሱም ሶቅራጥስን ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ጠርተው፣ ሌዎን የሚባል ሰው ለመገደል ከሳላሚስ ደሴት አምጡልን አሏቸው። አራቱ ሄዱ። እሱ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጨቋኞቹ ወድቀው ዴሞክራሲው ተመለሰ። በ399 ግን ይኸው ዴሞክራሲ ከሰሰው። በከተማዋ አማልክት አያምንም፣ ወጣቱን ያበላሻል ተባለ። ዳኞቹ 500 ገደማ ነበሩ። 30 ሰው ድምፁን ቢቀይር ኖሮ ነጻ ይወጣ ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣትህን አንተም አቅርብ ሲሉት፣ ለኦሎምፒክ አሸናፊዎች እንደምታደርጉት በመንግሥት ወጪ ቀልቡኝ አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ ቢያቆምለት ጠበቃው ያለቅሳል። በመጨረሻ ወዳጆቹ ዋስ ሆነው መቀጫ ቢያቀርብም ሞት ተፈረደበት።

ወዳጁ ክሪቶን ከእስር ቤት ላስመልጥህ ቢለው እንቢ አለ። በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ጓደኞቹ ሲገቡ፣ ሚስቱ ዛንቲፔ ልጃቸውን ታቅፋ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ገና የሚታቀፍ ልጅ አለው። ማታ መርዙን ጠጣ።

ከእሱ በኋላ የመጣውን ልዘርዝር ብል ምሳችሁ ይቀዘቅዛል። ፕላቶ ከእሱ ተማረ፣ አርስቶትል ከፕላቶ። ዛሬም የሕግ ተማሪን ቁጭ ብድግ የሚያደርገውን የጥያቄ ማዕበል በእሱ ስም ይጠሩታል። እኛም ጋ መጥቷል። አባ ሚካኤል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በተረጎሙት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ውስጥ ሶቅራጥስ ይናገራል። የሚገርመኝ ግን እዚያ የመጣው እንደ መካሪ ነው። ጠያቂው ሰውዬ እንደ አባት ተቀምጦ ይመክራል። መንገድ ላይ ጥያቄው ወድቆ ምክሩ ብቻ የደረሰን ይመስለኛል።

ወደ ቴአቴጦስ ልመለስና ልጨርስ። ቀኑን ሙሉ አምጠው የሚያድግ ልጅ አልተገኘም። ሶቅራጥስ ግን አልተበሳጨም። ወደፊት ብታረግዝ የተሻለ ትወልዳለህ፣ ባታረግዝም የማታውቀውን አውቃለሁ አትልም አለው። ከዚያ ተነሣ። ከሳሹ ሜሌጦስ ላቀረበበት ክስ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት። ከመሄዱ በፊት ወደ ልጁ አስተማሪ ዞር አለና፣ ነገ ጠዋት እዚሁ እንገናኝ አለው።

አመሰግናለሁ።