ለውሃው መውጫ እንስጠው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ።

ቦታችን እንጦጦ ግርጌ ነው፣ ተዳፋት ነው። ሁላችንም ደግሞ ቤዝመንት እንፈልጋለን። እዚህ ቤዝመንት መሥራት ማለት ኮረብታውን ቆርጦ መግባት ነው። በአፈር ውስጥ ከላይ የሚወርደው ውሃ ግድግዳችን ጋ ሲደርስ ይገደባል። መሄጃ ሲያጣ ከግድግዳው ጀርባ ከፍ ይላል፤ ወለሉንም ከሥር ሽቅብ ይገፋል።

1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በአንድ ካሬ ላይ 1 ቶን ያህል ይገፋል። 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው የወለል አርማታ በካሬ የሚመዝነው 240 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ከአርማታው ሥር ተነሥቶ 25 ሳንቲም ከፍ ቢል ወለሉን ለማንሣት ይበቃዋል። 3 ሜትር ከደረሰ፣ በክብደት ብቻ ለመቋቋም 1 ሜትር ከ25 ውፍረት መሙላት ሊኖርብን ነው። በዛሬ የሲሚንቶ ዋጋ!

«ግንቦት ላይ ቆፍረን ጠብታ አላየንም» የሚል ኮንትራክተር ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ግን ግንቦት ምስክር አይሆንም። የሙከራ ጉድጓዱ ውስጥ ጎኑ የተበሳ ቱቦ እንቅበርና ነሐሴ ላይ ገመድ አውርደን እንለካ።

ውሃውን ከውስጥ እንደፍናለን የምትሉም አላችሁ። ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ታውቃላችሁ? ውሃ በዚያ ሲያልፍ ትቶት የሄደው ነው። በሲሚንቶ ስትመርጉት ግፊቱ የትም አልሄደም፤ ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከቤቱ በላይ በኩል፣ ከወለሉ ዝቅ ያለ ቦይ እንቆፍራለን። የተበሳ ቱቦ፣ ዙሪያውን የታጠበ ጠጠር፣ ጠጠሩን የሚጠቀልል ጂኦቴክስታይል የሚባል ውሃ አሳላፊ ጨርቅ። ጨርቁን «ይቅር» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ፤ ደቃቅ አፈር ገብቶ ሁሉንም ይደፍነዋል። ከወለሉም ሥር ጠጠርና ቱቦ ይግባ። እዚያ ሰሌክት የሚባለው የሙሌት አፈር ብቻ ከተጠቀጠቀ ውሃው እንደልቡ አያልፍም። ቱቦው ቢያንስ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲም እያዘቀዘቀ በራሱ ቁልቁል ይወጣል። ተዳፋት የሚክሰን እዚህ ላይ ነው፣ ፓምፕ አያሻንም። ዶፍ ሲወርድ መብራት እንደሚጠፋ መቼም ለናንተ አልነግርም። ቱቦው የሚጠረግበት ማንሆልም በየማዕዘኑ ይኑር።

የቀረው መውጫው ነው። የላዩ ረድፍ ውሃ የታቹ ረድፍ ቤዝመንት ውስጥ ከገባ ማኅበራችን በጋራ መስመር ሳይሆን በክስ መገናኘቱ ነው። የጋራ መውጫ መስመሩን ረቂቅ በሩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። መጀመሪያ የታችኛው ረድፍ ባለቤቶች እዩትና አስተያየት ስጡ። አመሰግናለሁ።