ጠርዝ ላይ ያለችው ሴት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት የዝናብ ድምፅ ነው፣ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ጅማ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሰሞኑን የአያቴን የብስኩት ጣሳ ከፈትኩት። ሙሉውን ፎቶ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ። በስልኬ እያነሳሁ ለሰው ማሳየት ጀመርኩ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ታዲያ አንድ ነገር ነው፦ «የአባ ጅፋር የለም?» የለም! ማሳነሴ አይደለም፤ ሰውየው ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል፣ ለምኒልክ እየገበሩም አገራቸውን ከጦርነት አትርፈዋል። ግን የጅሬኑን ቤተ መንግሥት ያላነሳ ማን አለ?

እኔን የያዘችኝ ሌላ ፎቶ ናት። ሂርማታ ነው፣ የሐሙስ ገበያ። አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ መሀል ላይ ቆማለች። ጠርዙ ላይ ግማሽ ፊቷ የተቆረጠ ሴት አለች፣ እጇን አያቴ ትከሻ ላይ አድርጋ። ማን ናት? ቤተሰቡ አያውቅም። ጎረቤታችን አንድ አባት ቡና ሊጠጡ ሲመጡ አሳየኋቸው። ስኒውን አስቀመጡ። ቆይተው ቆይተው «እናቷን የሸጧት እዚሁ ገበያ ነው» አሉኝ።

እኛ ሂርማታ ስንል ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ የነበረውን ሲራራ ነጋዴ ነው በኩራት የምናወራው። ሰውም ይሸጥበት እንደነበር ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፣ ያውም ካወራን። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራውን ቤት ሁሉ እየዞርን እናሳያለን፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ ሠርገኛ ሁሉ ፎቶ ይነሳል፤ ይሄኛውን የት ሄደህ ትነሳዋለህ? የቆመ ቤት የለውም። ያለው ሰው አፍ ውስጥ ነው፣ የሚያስታውሱትም እያለቁ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፎቶ ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ፣ አንዳንዴ ስም አለበት። አልበም ላይ የተጣበቀውን አትገንጥሉ፣ ይቀደዳል፤ እንዳለ አንሱት። ስም ከጻፋችሁም በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ከጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይወጣል። እኔ በልጅነቴ አንዱን እንደዚያ አበላሽቻለሁ፣ አያቴ ሳታየኝ ጣሳው ሥር ደበቅኩት፣ አሁን ሳገኘው እዚያው ነበር።

የሴትየዋን ስም ነግረውኛል። እዚህ አልጠራውም፤ ልጇ አለች፣ መጀመሪያ እሷን ልጠይቅ። ሐሙስ እሄዳለሁ። ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ገብቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ነው የጨነቀኝ።