ለትንንሽ ስፒከሮች የሚስማማ ሰብዉፈር እንዴት ይመረጣል?

[ምስል፦ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች]

ሰብዉፈር (ባጭሩ ሰብ) ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ የሚያወጣ ስፒከር ነው። ሊገዛው የወጣ ሰው መጀመሪያ «ስንት ዋት ነው?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ኢንች?» ይህን መጠየቅ አይከፋም። ግን ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር አለ፦ ቤታችሁ ያሉት ስፒከሮች የት ላይ ይደክማሉ?

በደንብ የሚታወቅ ስፒከር እንውሰድ፤ የመጀመሪያውን ኬኢኤፍ ኤልኤስ 50። ድምፅ ማውጫው 5 ከሩብ ኢንች ነው። የፋብሪካው መግለጫ ላይ ለታችኛው ድምፅ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ 79 ሄርዝ እና 47 ሄርዝ (ሄርዝ በሴኮንድ ያለ የንዝረት ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ሁለቱም እውነት ናቸው። እስከ 79 ድረስ የድምፁ መጠን ከ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ አይዋዥቅም። 47 ላይ ሲደርስ በ6 ዴሲቤል ወርዷል። ይሰማል፣ ግን አቅም የለውም። ሻጩ የትኛውን ቁጥር እንደሚነግራችሁ እናንተው ገምቱ።

[ምስል፦ የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር]

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ስፒከር የቤዙን ዜማ ትከተላላችሁ፤ ክብደቱ ግን ይጎድላል። ሰቡ የሚገዛው ይህንን ጉድለት እንዲሞላ ነው እንጂ ቤት እንዲያንቀጠቅጥ አይደለም።

ሰቡ ከስፒከሮቹ ድምፁን የሚረከብበት የተለመደው መገናኛ (ክሮስኦቨር) 80 ሄርዝ ነው። የሲኒማ ድምፅ ደረጃ የሚያወጣው ቲኤችኤክስም ለቤት ሲኒማ የመረጠው ይህንኑ ነው። ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሯችን በደንብ አይለይም። ስለዚህ ሰቡ ሌላ ቦታ ቢቀመጥም ቤዙ ከስፒከሮቹ የወጣ ይመስላል። ስፒከሮቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ፣ 3 ኢንች ምናምን፣ መገናኛው ወደ 120 መውጣቱ አይቀርም። ያኔ ሰቡ ራሱን ያጋልጣል፤ በሁለቱ መሃል ማስቀመጥ ይሻላል።

ስለዚህ ሰብ ስትመርጡ «እስከ 20 ሄርዝ ይወርዳል» የሚለው ብቻ አያጓጓችሁ። ላይኛው ጫፍ ላይ፣ 80 እና 100 አካባቢ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው ወይስ የታፈነ? ስፒከሮቹን የሚያገኛቸው እዚያ ነው።

ሳጥኑንም እዩት። ቀዳዳ ያለው በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጮሃል፤ ድምፁ ሰቡ ከሚችለው ሄርዝ በታች ሲወርድ ግን በአንድ ኦክታቭ (ሄርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 24 ዴሲቤል ያህል ይወድቃል። ዝጉ ሳጥን በ12 ዴሲቤል ብቻ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ትንሽ ክፍል ደግሞ ታችኛውን ድምፅ በራሱ ያጎላዋል። ሙዚቃ ለሚያበዛና ሳሎኑ ጠበብ ላለ ሰው የእኔ ምርጫ ዝግ፣ 8 ወይም 10 ኢንች ነው። ፊልም ወዳዶች ላይስማሙ ይችላሉ።

[ምስል፦ የአምፕሊፋየር ጀርባ]

ከመክፈላችሁ በፊት የአምፓችሁን ጀርባ ተመልከቱ። የሰብ መውጫ ከሌለው፣ ከስፒከር ገመድ ላይ ሲግናል የሚቀበል ሰብ ፈልጉ። መውጫ ስላለው ብቻም አትዘናጉ፤ ብዙ የስቴሪዮ አምፖች ለሰቡ ይልካሉ እንጂ ቤዙን ከስፒከሮቹ ላይ አይቀንሱም። እንዲህ ከሆነ የሰቡን ክሮስኦቨር 80 ላይ አትተዉት፤ ስፒከሮቹ ወደሚደክሙበት ዝቅ አድርጉት። አለዚያ ሁለቱ እየተደራረቡ ቤዙ ያብጣል።

አቀማመጡ ላይ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጭም። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያስተጋባል፤ ውድ ሰብም ጥግ ላይ ተወትፎ ሊያጉረመርም ይችላል። ሰቡን ለጊዜው እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉት። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱና ወለሉ ላይ እየዳሃችሁ አዳምጡ። እንግዳ ካለ ይቅርባችሁ። ቤዙ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ ሰቡን እዚያ ውሰዱት።

ከሰቡ ኋላ ብዙ ጊዜ 0 እና 180 የሚል ማብሪያ አለ። የ80 ሄርዝ ድምፅ ከፍታችሁ፣ አንድ ሰው እያቀያየረላችሁ፣ መቀመጫችሁ ላይ ሆናችሁ ስሙ። ጎላ ያለው ነው ትክክሉ።

[ምስል፦ የሬዲዮ ስቱዲዮ]

ለመጨረሻ ፍተሻ ዘፈን አልመክርም። ድምፁ ወፍራም የሆነ ወንድ ዜና አንባቢ ክፈቱ። ድምፁ ከደረቱ በታች ተጎትቶ ወደ ሰቡ ከሄደ፣ ክሮስኦቨሩ በዝቷል ወይም ሰቡ ጮኋል። መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ፤ ካልተስተካከለ ክሮስኦቨሩን በ10 ሄርዝ ዝቅ አድርጉና እንደገና ስሙት።