ቀይ ቀበሮን ማን ጨረሰው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ፣ አራተኛ ክፍል። ዘንድሮ ከልጆቹ ጋር ብዙ የቆየንበት ጥያቄ አንድ ነው። እንስሳት ለምንድን ነው ከምድር የሚጠፉት?

መልሱን ልጆቹ ያውቁታል። አደን፣ የደን መጨፍጨፍ፣ የሕዝብ ብዛት፣ የአየር ንብረት ለውጥ። ሸምድደውታል። ከእንቅልፋቸው ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋቸው ይሉላችኋል። ዝርዝሩ ስህተት የለበትም። ግን "እሺ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ አስቡ። እሷ በምንድን ነው የምትሞተው?" ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ እጁን ያወጣል። "ቲቸር፣ መጥፎ ሰዎች ይገድሏታል።"

ሁሉም ይስማማሉ። መጥፎ ሰው አለ፣ ጠመንጃ ይዟል፣ ገደላት፣ አለቀ። ልጅ ይሄን ታሪክ ይወደዋል፤ ማንን መጥላት እንዳለበት ይነግረዋል። እኔ ደግሞ ስለ ቀይ ቀበሮ ሳስተምር ዋናው ሥራዬ ይሄን ታሪክ ከልጁ ጭንቅላት ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀይ ቀበሮን እዚህ ያደረሳት በጥላቻ የተነሳባት ሰው አይደለም። ገብስ የሚዘራ ገበሬ አለ። በግ የሚጠብቅ እረኛ አለ። በጎቹን ከጅብ የሚጠብቅ ውሻ አለ። ሦስቱም ሥራቸውን ነው የሚሠሩት።

እስቲ መጀመሪያ ስለ እንስሳዋ ልንገራችሁ፤ ልጅ የማያውቀውን ነገር እንዲያዝንለት መጠበቅ አይቻልም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። የምትኖረው ደጋው ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፎ ባለው ውርጭ ነው። ያደጉት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ይሄን ስነግራቸው "የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ይበልጣቸዋል" አልኳቸው፤ ያኔ ነው ቁጥሩ የገባቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። የቀሩት ሰሜን ተራሮች፣ ወሎ፣ መንዝ ጓሳና አርሲ ላይ ተበታትነዋል። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይም ነበሩ። ዛሬ እዚያ የሉም።

ቀበሮዎቹ የሚኖሩት በቡድን ነው። ጎህ ሲቀድ ይሰበሰባሉ፣ እርስ በርስ ይተሻሻሉ፣ ይላላሳሉ፣ አብረው ድንበራቸውን ይዞራሉ። ግልገል የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዷ አውራ ሴት ናት፤ ሌሎቹ ምግብ እያመጡ ያሳድጉላታል። አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ምግባቸው ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። ባሌ ላይ ትልቅ ፍልፈል አለ፤ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው። እሱም ከባሌ ውጭ አይገኝም። ቀበሮዋ ጉድጓዱ አጠገብ ሆዷን መሬት ላይ አስጠግታ ትጠብቃለች። ፍልፈሉ ብቅ ሲል ትወረወራለች። ይሄን ስናወራ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተኝተው እየተጠባበቁ ሞክረውታል። ማንም አልከለከላቸውም።

አሁን ሰንሰለቱን እንከተል። የደጋ ገበሬ መሬት ይጠበዋል። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ መሬት ይካፈላሉ። ስለዚህ ገብሱ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ይወጣል። ከብቱም ተከትሎ ይወጣል። ሣሩ ሲጋጥና መሬቱ ሲታረስ አይጡና ፍልፈሉ ይቀንሳሉ። ቀበሮዋም ወደ ላይ ትሸሻለች። ተራራ ደግሞ ማለቂያ አለው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሌላ የምትሄድበት የለም። ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እንዳትሻገር ደግሞ መካከሉ ሁሉ እርሻና መንደር ነው።

ከእረኛው ጋር ውሻው ይወጣል። ውሻ ደጋ ላይ ቅንጦት አይደለም። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ። ግን አይታሰርም፣ ምግቡን ራሱ ነው የሚፈልገው፣ ክትባትም አላየም። ይሄ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው፣ አንዲት ቀበሮ ትያዛለች። ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው እንደሚላላሱ ነገርኳችሁ አይደል? እንግዲህ በሽታው በዚያው መንገድ ይሄዳል። እንደ ፈረንጆቹ በ2003 መጨረሻ ባሌ ላይ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ፣ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በጥቂት ወራት። አንድም ጥይት ሳይተኮስ።

እዚህ ላይ ስደርስ አንዲት ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። ቤታቸው ውሻ አላቸው። "ቲቸር፣ ቡቺም ይገድላል?" አለችኝ።

ይሄ ጥያቄ ለእኔ የትምህርቱ ሁሉ መሐል ነው። ብዙ ወላጅና መምህር እዚህ ቦታ ላይ "አይ፣ አይዞሽ፣ የእናንተ ቡቺ ጎበዝ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ልጅን ማስጨነቅ ማንም አይፈልግም። ግን ልጅቷ ትልቅ ነገር ነው የገባት። የምንወደው ነገር ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ገብቷታል። ያንን ከእጇ መንጠቅ አልፈለግኩም። "ቡቺ ተከትቧል?" አልኳት። "አላውቅም፣ አባቢን እጠይቃለሁ" አለች። የታመመ ውሻ ጥፋተኛ እንዳልሆነ፣ በሽታው ግን መከላከያ እንዳለው ነገርኳት። የተከተበ ውሻ ራሱን ይጠብቃል፣ እሷንም ይጠብቃታል። እኛ አገር በአበደ ውሻ ከሚነከሱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸውና ይሄ የባሌ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ወደ ግቢ ወጣን። ሲሚንቶው ላይ በቾክ ሦስት ትልልቅ ክብ ሠራሁ። አንዱ ዌብ፣ አንዱ እዚያው ባሌ ያለው የሳነቴ አምባ፣ አንዱ መካከላቸው። ክቦቹን በጠባብ መንገድ አገናኘኋቸው። ራቅ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክብ፣ ከምንም ጋር የማትገናኝ። ልጆቹ ቀበሮ ሆኑ፣ ክቦቹ ውስጥ ገቡ። አንዱ በሽታ ያለበት ሆኖ ዌብ ውስጥ ተነሳ። የነካው ሰው አብሮት ይታመማል፣ ትንሽ ሌሎችን ይነካል፣ ከዚያ ይቀመጣል። በሦስቱ ክቦች የነበሩት ሁሉም ተቀመጡ። ሳቅና ጩኸት በጩኸት ነበር።

ቀጥሎ ሪባን አመጣሁ። ሪባን ያሰረ ተከትቧል፣ ቢነካም አይታመምም። "ለሁሉም አይበቃም። ለማን እንስጥ?" አልኳቸው። መጀመሪያ ጓደኛ ለጓደኛ ተሻሙ። ከዚያ አንዱ መንገዶቹን አየ፣ አየና፣ "እዚህ በር ላይ የቆሙት ሪባኑን ይሰሩ!" አለ። ሪባኑን ጠባቡ መንገድ ላይ ላሉት ሰጠን። ዌብ ተጎዳ፤ ሳነቴ ውስጥ ግን አንድም ልጅ አልተቀመጠም። እልልታ ሆነ።

በእውነቱም የተደረገው ይሄው ነው። በዚያ ወረርሽኝ ጊዜ ባለሙያዎቹ ሰባ የሚጠጉ ቀበሮዎችን ይዘው ከተቡ፤ በሽታው ሊሻገርባቸው የሚችሉ ቦታዎች ላይ ያሉትን መርጠው። ወረርሽኙ ወደ ቀረው ባሌ ሳይስፋፋ ቆመ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ሁሉንም መከተብ ሳያስፈልግ፣ መተላለፊያው ላይ ያሉትን በመከተብ ብቻ ቡድኖቹን ከመጥፋት ማዳን እንደሚቻል አሳይተዋል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ የሚዋጥ ክትባት መጥቷል። ፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ በሌሊት ይጣልላቸዋል። የገበሬውን ውሾች መከተቡ ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው፤ በየዓመቱ በሺዎች ይከተባሉ።

ያቺ ትንሿ ክብስ? ሦስት ልጆች ነበሩባት። በሽታው አልደረሰባቸውም፣ መንገድ የለማ። ከዚያ "አንዷ አረጀች፣ አንዱን ብርድ መታው" ብዬ ሁለቱን አስቀመጥኳቸው። የቀረው ልጅ ዙሪያውን አየ። "ቲቸር፣ እኔስ ከማን ጋር ልጫወት?" አለ። ማነስ ራሱ አደጋ መሆኑን ከዚህ በላይ አድርጌ ማስረዳት አልችልም። ጮቄን ያነሳሁላቸው ያኔ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ልጆች መጥፎ መጥፎውን ብቻ ሰምተው ወደ ቤት መሄድ የለባቸውም። ይሄን የምለው ለማጽናናት አይደለም፣ ሌላውም እውነት ስለሆነ ነው። ክፍሌ ውስጥ አያቶቹ መንዝ ያሉ ልጅ አለ። "የአያቴ ቤት ጣሪያው ጓሳ ነው" አለን። በጣም ደስ አለኝ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከለያ ለገሳ ይሆናል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩ የሚበቅልበትን ሜዳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቶቹ ያጭዳሉ። እየተዘጋ የሚቆየው ለሣሩ ተብሎ ነው። ቀበሮዋም አብራ ተጠበቀች። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጀው። ዛሬም ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለች።

እዚያው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ያዩትንም ነገርኳቸው። ቀበሮዎቹ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሐል እየሄዱ አይጥ ያድናሉ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ ቀበሮዎቹም ግልገሎቻቸውን አይነኩም። ከመንጋው ጋር ሲሆኑ ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካላቸዋል፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ከአራት አንዱ። ልጆቹ ይሄን ሳልጠይቃቸው ደብተራቸው ላይ ሳሉት።

"ይጠፋሉ እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝም አለ። "አዎ" ማለትም "አይጠፉም" ማለትም አልቻልኩም። የሚከትቡ ሰዎች ዛሬም ተራራው ላይ እንዳሉ፣ ክትባቱ ከቆመ በሽታው ተመልሶ እንደሚመጣ ነገርኩት። አሰበና "ስለዚህ ሁልጊዜ መሥራት አለባቸው" አለ። አዎ። ሁልጊዜ።

የሚቀጥለው ዋልያ ነው። እዚያ ላይ የእኔ አካሄድ ይፈተናል፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የሰሜን ተራሮችን ዋልያ በብዛት የጨረሰው ጠመንጃ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያም በኋላ ብዙ ታድኗል። አገግሞ ነበር፣ በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ እንደገና ወርዷል። እዚህ ላይ ልጁ "ሰው ገደለው" ቢለኝ ልክ ነው። ያ ሰው ለምን እንደገደለ፣ ርቦት ይሁን፣ ጦርነት ይሁን፣ ቀንዱን ለጌጥ ፈልጎ ይሁን፣ ለአሥር ዓመት ልጅ ለይቶ ማስረዳት ግን ከውሻ ክትባት በጣም ይከብዳል። እያሰብኩበት ነው። ቤት ውስጥም ሆነ ክፍል ውስጥ የሞከራችሁት መንገድ ካለ በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አብረን እንሰማዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።