አድባሩን መግደል የማያስፈልግበት ጨዋታ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ ከደሴ ሆኜ የማነሣው ጉዳይ የቦታና የቤት መናፍስት በምናብ ዓለም ጨዋታዎች ውስጥ እንዴት እንደሚቀርቡ ነው። በብዙ ጨዋታዎች ከዋርካ ወይም ከምንጭ የሚወጣ መንፈስ፣ የሕይወቱ መጠን በቀይ መስመር ተለክቶ፣ ተጫዋቹ ገድሎት ሽልማት እንዲወስድበት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህ አሠራር ሁልጊዜ ቅር ያሰኘኛል፤ ወሎ ውስጥ ያደግን ሰዎች አድባር የምንለው ድርሻውን እየሰጡ አብረውት የሚኖሩትን እንጂ የሚያድኑትን አይደለምና።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ያገኘሁት ግሬግ ስታፎርድ በፈጠረው በግሎራንታ ዓለም ነው፤ ሩንኩዌስት የተሰኘው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ወክለው በጠረጴዛ ዙሪያ ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲታተም መቼቱ ያደረገው ይህንኑ ዓለም ነበር። በግሎራንታ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ጠባቂ መንፈስ አለው። መንፈሱ ኃይሉን የሚያገኘው ከአባላቱ አምልኮና መሥዋዕት በመሆኑ፣ ሰዎቹ ችላ ሲሉትና ሲበታተኑ እርሱም ይዳከማል። ተጫዋቹ ስለ መንፈሱ ማሰብ ከፈለገ ስለ ሰዎቹ ማሰብ ግድ ይሆንበታል፤ የዚህ ሕግ ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

አያቴ ቡና ስታፈላ፣ ዕጣኑን ፍም ላይ ካደረገች በኋላ፣ ከቡና ቁርሱ ቆሎ እፍኝ ዘግና በረከቦቱ ዙሪያ ሳትበትን ለማንም አታቀርብም ነበር። በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ይህን ልማድ አጥብቀው የሚቃወሙ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ማንንም ወደ እምነቱ አልጠራም። ነገር ግን ያ እፍኝ ቆሎ ቤቱን ከማይታይ ባለቤት ጋር የሚያስተሳስር ግዴታ ነበር፤ ጨዋታ ደግሞ ከግዴታ የበለጠ የሚመቸው ነገር የለም።

ከጓደኞቼ ጋር በምንጫወተው ዓለም ውስጥ ጦሳን በሚመስል ተራራ ሥር አንዲት ከተማ ሠርተናል። ሕጋችን አድባርንና ቆሌን ይለያል፦ አድባሩ ሰው ኖረም አልኖረም ከተራራው አይነቃነቅም፤ የቤት ቆሌ ግን ቤተሰቡን ተከትሎ ይሄዳል። አንድ ቤተሰብ እንደ ኮምቦልቻ ከተራራው ዝቅ ወዳለ ከተማ ቢወርድ፣ በአዲሱ ቤት ቡና አፍልቶ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ሳያጠጣ ቆሌው አይረዳውም። ይህን ሕግ ካስገባን ወዲህ ተጫዋቾች ሰይፋቸውን አስቀምጠው ማንን እንደሚጠሩ፣ ከማን ጋር መታረቅ እንዳለባቸው ሲመክሩ ያመሻሉ፤ ለእኔ ከየትኛውም ውጊያ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው።

አሁን የቀረን ከባዱ ክፍል ጋብቻ ነው። ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ የትኛው ቆሌ ይቅደም? በእኔ አስተያየት ሁለቱም ድርሻቸውን ይዘው መቆየት አለባቸው፤ ሙሽሮቹም የሁለቱን ግብር የሚችል ጎተራ እስኪያገኙ ድረስ መልፋት ይኖርባቸዋል።