«ጠንከር ያለ የለም?» ለሚለው ጥያቄ

የፋርማሲ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ነገር ሳላበዛ ልግባ።

ልጅ ያስላል፣ እናት ተጨንቃለች። አሞክሳሲሊን ስናወጣ «እሱማ ለምዶታል፣ ጠንከር ያለ የለም?» ትላለች። እኛም እጃችን «ጠንካራ» ወደሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ወደ ኦግመንቲን ይሄዳል። ዛሬ የመጣሁት ስለዚች እጅ ላወራ ነው።

የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛዋ ኒሞኮከስ ናት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ጥንድ ጥንድ ሆና፣ ጫፏ ሾል ብሎ፣ በግራም ቀለም ሐምራዊ ሆና ትታያለች። ጤነኛ ልጅ አፍንጫ ውስጥም ዝም ብላ ትኖራለች። ጉልበቷ ከስኳር የተሠራው ሽፋኗ ነው፤ ነጭ የደም ሴል እንዳይውጣት ያደርጋል። የሽፋኑ ዓይነት ከ100 በላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው የኒሞኮከስ ክትባት ከእነዚህ ውስጥ የከፉትን መርጦ የተሠራ ነው።

እኔን የምትገርመኝ ግን በሌላ ነው። የሞቱ ጎረቤቶቿን ዲኤንኤ (ውርስ የሚተላለፍበትን ንጥረ ነገር) ለቅማ የራሷ ታደርጋለች! ተመራማሪው ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1928 በአይጦች ላይ ያየው ይህንኑ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ እነ ኤቨሪም በ1944 ውርስን የሚያስተላልፈው ዲኤንኤ መሆኑን ያሳዩት በእሷው ነው። ፔኒሲሊንን የምትቋቋመውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከዘመዶቿ በቃረመችው ጂን መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ትለውጠዋለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኦግመንቲን ማለት አሞክሳሲሊን ሲደመር ክላቩላኒክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ሥራው መድኃኒቱን የሚሰብረውን ኢንዛይም ማገድ ነው። ኒሞኮከስ ደግሞ ያ ኢንዛይም የላትም። ስለዚህ ለእሷ ሲባል የሚጨመረው ዋጋና ተቅማጥ ብቻ ነው። ኢንዛይሙ ያላቸው እንደ ሄሞፊለስ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፣ እሱን ሐኪሙ ይወስን። ኒሞኮከስ ላይ የሚሠራው በቂ መጠን ነው፦ ሐኪም ሲያዝ ለሕፃን በእያንዳንዱ ጊዜ በኪሎ 40 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ5 ቀን። ግማሽ ማንኪያ እየሰጡ «አልሠራም» ማለት አይሆንም።

ደግሞ ሳል ሁሉ የሳንባ ምች አይደለም፤ አብዛኛው ቫይረስ ነው። ልጁ ሳያለቅስ ደረቱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው አሁኑኑ ይሂድ።

አውቃለሁ፣ እኛ እምቢ ስንል ማዶ ያለው ፋርማሲ ይሸጥላታል። ሁላችሁንም በአንድ አዳራሽ ባገኘሁበት ቀን የምናገረው ለዚሁ ነው። በሉ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።