በውኃ ዳር ላደጉ ልጆች የሚሰጥ የትምህርት ዕድል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ከደሴ ሆኜ ላወጋችሁ የፈለግሁት፣ በደሴትና በሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ያሳደጋቸውን ውኃ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንዲያጠኑ ሊሰጣቸው ስለሚገባ ነጻ የትምህርት ዕድል ነው።

ሐሳቡን ያጫረብኝ የጋላፓጎስ ደሴቶች ነገር ነው። ደሴቶቹ ከኢኳዶር የባሕር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ይገኛሉ። ከእኛ እጅግ የራቁ ቢሆኑም፣ ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላና ከስሜን ተራሮች ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ደሴቶቹን የሚያጠኑት ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ነበሩ። በ1959 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቻርልስ ዳርዊን ፋውንዴሽን ግን ምርምሩን ከማካሄድ ጎን ለጎን፣ የደሴቶቹ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲማሩ ድጋፍ ይሰጣል። ይህን ሳነብ ወዲያው በዓይነ ሕሊናዬ የመጣው ስሙም ራሱ «ሐይቅ» የሚባለው የእኛው የወሎ ሐይቅ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም። በዚህም ምክንያት ከዙሪያው ኮረብታና እርሻ ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ እዚያው ይከማቻል። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀበት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ይሁንና አዲስ ዓሣ ሲገባ አልጌን የሚመገቡት ደቃቅ የውኃ እንስሳት ሊመናመኑ፣ አልጌው ሊበዛና የውኃው ጥራት ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐይቅ በቀዝቃዛና ነፋሻማ ወቅት ሲገላበጥም፣ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣ በጅምላ ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሁሉ ለመረዳት አልፎ አልፎ የሚደረግ ጉብኝት አይበቃም፤ ከዓመት ዓመት ሳይታክት የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ ተማሪዎች የዚሁ ሐይቅ ውኃ ምን ያህል እንደጠራ ሲለኩ አይቻለሁ። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አስረው ወደ ውኃው ያወርዳሉ፤ ሳህኑ ከዓይን ሲሰወር ገመዱ ላይ ያለውን ምልክት አይተው ይመዘግባሉ። ጀልባውን የሚቀዝፈው የአካባቢው ልጅ ግን ሳህኑ ገና ሳይወርድ፣ ዓሣው ከመሞቱ በፊት የውኃው መልክና ሽታ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ለውጡም መጀመሪያ የሚታየው በየትኛው ዳርቻ እንደሆነ እየጠቆመ ይነግራቸው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ የነገራትን በደብተሯ ጻፈች። እሱ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳያገኝ የቀረ ወጣት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ደብተር በእሱ እጅ መሆን ነበረበት የሚል እምነት ይዣለሁ።

እንዲህ ስል ፈተናው ይቅርለት ማለቴ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተሰጠውን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። መረብ ሲጎትት አድሮ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል እንዲገኝ ከተፈለገ፣ ድጋፉ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙ ቀድሞ፣ ቢቻል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ በመጽሐፍና በማጠናከሪያ ትምህርት መልክ ሊደርሰው ይገባል።

ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ደግሞ በአገራችን የወጪ መጋራት ሥርዓት ስላለ፣ ተማሪው ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ስለዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መንገዱን የሚዘጋበት በዋናነት የትምህርት ክፍያ አይደለም። የሚቸግረው የኪስ ገንዘብ፣ ኮምፒውተር፣ የመስክ ሥራ ወጪ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቤተሰቡ «የውኃ ሳይንስ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ ማጣቱ ነው። አባትየው ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ቢመኝ አይፈረድበትም፤ በሙያው የተቀጠረ ሰው በሰፈሩ አይቶ አያውቅምና። በመሆኑም ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ልጁን መንገድ ላይ ጥሎት ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። የመመረቂያ ጥናቱን በገዛ ሐይቁ ላይ እንዲሠራ፣ ሲመረቅም ቢያንስ ሁለት ዓመት በዚያው የሚቀጠርበት ሥራ ከወዲሁ እንዲዘጋጅለት ያስፈልጋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ ነው፤ ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ የመስክ ወጪው ያን ያህል የሚያስፈራ አይሆንም።

ይህ ሐሳብ ለወሎ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዚሁ ሐይቅ ያለውና ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በደሴትነቱ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው በዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። ከሩቅ የመጣ ተማሪ የተማረበት ውኃ ዳር፣ ዛሬ የራሱን ልጅ ማስተማር እንዴት ያቅተዋል?

በጣና ደሴቶችና በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩ ልጆችም ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ በውጭ የምትኖሩ የወሎ ልጆች፣ አደራዬ ይህ ነው። በአንድ ተማሪ ጀምሩ፤ ከተቻለ ሴት ልጅ ትሁን፤ ምክንያቱም ታንኳው ላይ የማናያት እሷን ነው። ምርጫውን ግን ከሩቅ አታድርጉት። የተሁለደሬን መምህራን አማክሩ፤ የትኛው ተማሪ ሌሊቱን ውኃ ላይ አድሮ ጠዋት ክፍል እንደሚገኝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።